ለአስመራ በረራ የተገዛች ባትሪ

ዳፍንት የያዘው ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ቀን ቀን እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ክር በመርፌ ያስገባል፣ ከጤፍ ውስጥ እንክርዳድ ይለቅማል። ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ግን ዓለም ትዘጋበታለች። ሌላው «ገና ብርሃን ነው» በሚልበት ሰዓት እሱ ግድግዳ እየዳበሰ በር ይፈልጋል። እኔን ይህ ነገር የያዘኝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ደንቢያ ወርጄ ንዳድ ታምሜ ከተነሣሁ በኋላ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር።

የተወለድኩት ዳባት ነው። እናቴ ስትሞት አባቴ ጎንደር ወዳለው ቤቱ አመጣኝ። አባቴ አቶ ደምሴ ከቆላ ድባ እህል እየጫነ የሚነግድ፣ ከገንዘቡ ይልቅ በቃሉ የሚኮራ ሰው ነበር። «ደምሴ ካለ አለ ነው» ሲባልለት ደስ ይለዋል። ሚስቱ እትዬ አልጋነሽ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እኔ ግን ልጇ አልነበርኩም። የእሷ ልጅ፣ ከአባቴ የወለደቻት ዘውዴ ናት። ዘውዴ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ መደብ ነው የምንተኛው፤ እግሯን ሆዴ ላይ ካልጫነች እንቅልፍ አይወስዳትም። ዳፍንቱ ከያዘኝ ወዲያ ማታ ማታ ጓሮ የምታወጣኝ እሷ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ለአንድ ሰው ታጨሁ። ሰውየው የጎንደር ልጅ ሆኖ አስመራ የመኪና ዕቃ መሸጫ ከፍቶ የሚኖር ነው። በዕድሜ አባቴን ሊያክል ጥቂት ነው የሚቀረው። ሥራውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ አክስቱን ወይዘሮ ላቀችን ላከ። ሙሽራይቱን ይዛ እንድትሄድ፣ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እዚያው አስመራ እንዲሆን ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። በሊማሊሞ ቁልቁለት እስከ ዛሪማ ድረስ ሽፍታ መንገዱን ይዞ ስለነበር የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠ። በኛ ሠፈር በአውሮፕላን የሄደ ሴት ወንድ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየኝ።

ዳፍንቴን ግን ከቤተሰቡ ውጭ ማንም አላየም። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። እትዬ አልጋነሽ ለዳፍንት መድኃኒቱ ጉበት እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ቀን ለአባቴ ብትነግረው፣ «በጾም ሥጋ ከቤቴ አይገባም። ሲፈታ ትበላለች» አለና ነገሩን ዘጋው። ሲፈታ ደግሞ እኔ አስመራ ነኝ።

«እስከዚያ ባትሪ ትይዣለሽ» አለችኝ እትዬ አልጋነሽ። «ባትሪ የያዘች ሙሽራ ዘመናይ ናት ይሏታል እንጂ ዕውር ናት አይሏትም። እዚያ ስትደርሺ ጾሙ ይፈታል፣ ጉበት ትበያለሽ፣ ይለቅሻል። ወይዘሮ ላቀች እንዳታውቅ ብቻ።»

በመሄጃዬ ዋዜማ እኔ፣ እሷና ዘውዴ አራዳ ወረድን። ሰይድ የሚባል ዓረብ ሱቅ ነበረው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ እሱ ዘንድ ይገኛል።

«ለምን ሥራ ነው?» አለ። «ለከብት ጥበቃ ከሆነ ትልቁ ይሻላል። ጅብ ዓይኑ ውስጥ ሲያበሩበት ይሸሻል።»

«በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ነው» አለች እትዬ አልጋነሽ፣ ቃሉን እያጣጣመች።

ሰይድ ሦስት ባትሪ አወጣና ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛው ሦስት የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ፣ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የረዘመ ነው። ሁለተኛው የናስ አንገት፣ ወፍራም መስተዋት ያለው፣ መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ቆርቆሮው ሲጫኑት ሰርጎድ የሚል፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከሁሉም ርካሽ ነው።

«ባትሪ በፀሐይ አይመረጥም» አለና ከጆንያዎቹ ጀርባ ወዳለው ጓዳ አስገባን። መጋረጃውን ሲለቀው እኔ ጠፋሁ። ዘውዴ እጄን ያዘችኝ። ሰይድ ይህን አላየም።

በትልቁ ሲያበራ የጆንያውን ስፌት እየነጠልኩ አየሁ። በናሱ ሲያበራ ጆንያውንና የዘውዴን እግር አየሁ። በቀዩ ሲያበራ ግን መሬቱ ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ያለች ቢጫ ነገር ወደቀች፤ እሷ ውስጥ የእግሬ ጣቶች ብቻ ነበሩ።

«እታለም፣ ምን ይታይሻል?» አለች ዘውዴ በሹክሹክታ።

«የናሱ ይሻለኛል» አልኩ።

«የናሱ ቦርሳ ውስጥ ይከብዳል» አለች እትዬ አልጋነሽ። «አውሮፕላን ላይ ዕቃ ይመዘናል አይደል?»

«ሰውም ይመዘናል» አለ ሰይድ።

«ታዲያ ቀዩን ስጠን። እግርሽን ካየሽ ምን ቀረሽ?»

ሰይድ ድንጋዮቹን እየከተተ አንድ ምክር ሰጠኝ። «ቦርሳ ውስጥ ሲጨናነቅ ቁልፉ ተጭኖ ሳታውቂው ይበራል፤ ስትደርሺ ድንጋዩ አልቆ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ አንዱን ድንጋይ ገልብጠሽ ክተቺው። ስትወርጂ ታቀኚዋለሽ።» ድንጋዩን ገልብጦ አሳየኝ። እኔም ሦስት አራት ጊዜ በእጄ ለመድኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የለመድኩት።

በማግስቱ በጧት በጋሪ ወደ አዘዞ ሄድን። አባቴ፣ እትዬ አልጋነሽ፣ ዘውዴ፣ እኔና ወይዘሮ ላቀች። ወይዘሮ ላቀች ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ጋሪው ላይ መዳፌን ገልብጣ አየችው።

«እጅሽ ሻካራ ነው» አለችኝ። «ግድ የለም። አስመራ ጓንት ይሸጣል።»

ማረፊያው ሣር የበቀለበት ሰፊ ሜዳና አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው። ጸሐፊው ዕቃችንን መዘነ፤ እኛንም አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አቆመን። ከዚያ ተቀመጥን። አውሮፕላኑ ረፋድ ላይ ይመጣል ተባለ። አልመጣም። ቀትር ላይ ይመጣል ተባለ። ነጋዴዎች፣ አንድ ሻምበል፣ ሁለት ቄሶች፣ ሁላችንም ወደ ደቡብ ሰማይ እያየን ዋልን። እኔ ግን የማየው ፀሐይዋን ነበር። እያንዳንዷን ስንዝር ስትወርድ ተከትያታለሁ። የቤቱ ጥላ እግሬ ሥር ሲደርስ ቦርሳዬን ወደ ጭኔ ሳብኩት።

ጸሐፊው መጣና፣ «ዛሬ ከአዲስ አበባ አልተነሣም። ነገ በጧት ይመጣል። እዚሁ አዘዞ እደሩ» አለ። አባቴ ማደሪያ ሊፈልግ ቀድሞ ሄደ።

ሰው ሁሉ እየተነሣ ዕቃውን ይሸከማል። እኔ ቦርሳዬን ነጠላዬ ሥር አስገብቼ የባትሪዋን ቂጥ ፈታሁ። አንዱ ድንጋይ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ደግነቱ በቀሚሴ እጥፋት ተያዘ። ገልብጬ ከተትኩት፣ ዘጋሁት፣ ቁልፉን ገፋሁት። በራ። አስኳሏ መሬት ላይ ወደቀች፤ የእግሬን ጣቶች አየሁ። እናቴ ከመቃብር የተነሣች ያህል ደስ አለኝ።

ጥቂት እንደሄድን ወይዘሮ ላቀች ከጎኔ መጣች።

«ምነው ባትሪ አበራሽ? ገና ብርሃን ነው እኮ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ሸጋ ልማድ ነው። እስቲ ስጪኝ፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቷል።»

እንዴት እምቢ ይባላል? የባሌ አክስት ናት። ሰጠኋት።

የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ። ጠፋ። እርምጃዋ እየራቀ ሄዶ ቆመ። የሌላውም ሰው እርምጃ ቆመ። ከፊቴ ያለው ነገር ግራጫ እንኳ አልነበረም።

«ነይ እንግዲህ» አለች ከወዲያ። ድምፅዋ ልጅን እንደምታባብል ነው። «በቀጥታ ወደኔ ነይ። መንገዱ ሜዳ ነው።»

«ወይዘሮ ላቀች፣ ልጅቱ ውላ ውላ ደክሟታል፣ እኔ እጇን...» አለች እትዬ አልጋነሽ።

«አንቺ ቁሚ። እጇን የሚይዛት ሰው አስመራ የለም። ነይ የኔ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

አንድ እግሬን አነሣሁ። ሁለተኛውን አስከተልኩ። ሰው ሁሉ እንደሚያየኝ ቆዳዬ ያውቃል። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንደሚያይ ሰው ለመምሰል እየሞከርኩ ሄድኩ። «እታለም፣ ወደ ግ...» የሚል የዘውዴ ድምፅ ተሰማኝና እዚያው ላይ ታፈነ። አፏን የያዘ እጅ ነበር። ወደ ግራ ሂጂ ትበል አትሂጂ ሳላውቅ ረገጥኩ። መሬት የለም።

ጣሊያን ለውሃ መውረጃ ያስቆፈረው ቦይ ነበር። ጥልቀቱ የሰው ቁመት አይሆንም፤ ነገር ግን ታቹ ጭቃና የተከመረ የግራር እሾህ ነው። በፊቴ ነው የወደቅኩት። ላይ ከቆሙት ዕቃ ተሸካሚዎች አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው።

ከዚያ ብርሃን መጣ። ወይዘሮ ላቀች ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆማ በገዛ ባትሪዬ ታበራብኛለች። መጀመሪያ ያየሁት የደማ መዳፌን ነው። ቁልቁል አየችኝና ፊቷን ወደ እንጀራ እናቴ መለሰች።

«ዕውር ልትሸጡልን ነበር?» አለች። ድምፅዋን ያን ጊዜም ከፍ አላደረገችም።

በማግስቱ ጧት ባደርንበት ቤት ደጃፍ ላይ አባቴና ወይዘሮ ላቀች ትይዩ ተቀመጡ። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ፤ እሾህ ስነቅል። ማንም ሂጂ አላለኝም። ከዚያ ወዲያ እኔን የሚደብቁኝ ነገር አልነበራቸውም።

«አያ ደምሴ» አለች ወይዘሮ ላቀች፣ «ድግሱ ተጀምሯል። ጌሾው ተወቅጧል። ሰው ተጠርቷል። ባዶ እጄን ብመለስ የምዋረደው እኔ ብቻ አይደለሁም። በየገበያው ደምሴ ዕውር ሊያስይዘን ነበር እላለሁ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። በዕድሜዬ አባቴ አንገቱን ሲደፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን ላድርግ?» አላት።

ዘውዴ ግቢው ውስጥ ፊቷን ትታጠብ ነበር። ወይዘሮ ላቀች አየቻት።

«ያቺስ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ይበቃል።»

እትዬ አልጋነሽ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። አባቴ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበቱን አቀፈች። «አንድ ናት» አለችው። «አያ ደምሴ፣ አንድ ናት። ገና ልጅ ናት። ሌላ ምንም ጠይቀኝ።»

አባቴ ከላይ አያት። «ባትሪውን የገዛሽው አንቺ አይደለሽ?» አለ። «እንግዲህ ዋጋውን ክፈዪ። ቃሌ ከሁለታችሁም ይበልጣል።»

የሙሽራ ቀሚሴን ለዘውዴ እንዳለብሳት የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እናቷ እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ቀሚሱ ረዘመባት፤ ወገቧ ላይ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ገና ምንም አልተነገራትም።

«እታለም፣ ያንቺን ቀሚስ ለምን ታለብሺኛለሽ?»

ሌላ መርፌ ቁልፍ ጨመርኩበት።

«ጉልበትሽ ደምቷል። ያምሻል?»

«አያምም» አልኳት።

ወይዘሮ ላቀች በሩ ላይ መጣችና እጇን ዘረጋች። «ባትሪውንም አምጪው። ለኛ መንገድ የተገዛ ነው።» ቀዩን ባትሪ ዘውዴ እጅ ላይ አኖረችው።

ዘውዴ የገባት ሚዛኑ ላይ ስትቆም ነው። ጸሐፊው የትናንቷ ሙሽራ እኔ እንደነበርኩ ያውቃል። ወይዘሮ ላቀች፣ «ሙሽራዋ ይቺ ናት» አለችው። እኔን አየኝ፣ በፋሻ የታሠረ እጄን አየ፣ አባቴን አየ። ከዚያ ሚዛኑን አነበበና፣ «ከትናንቷ ቀላል ናት» ብሎ ሳቀ።

ዘውዴ ከሚዛኑ ወርዳ ወደ እናቷ ሮጠች። አባቴ መንገድ ላይ ያዛት። አልመታትም፤ ትከሻዋን ይዞ ብቻ አዞራት። በዚያው ወደ አውሮፕላኑ ወሰዷት።

ጧት ነበር፣ ሰማዩም ጥርት ያለ። ዓይኔ በዚያ ሰዓት እንደ ንስር ነው፤ ያላየሁት ነገር የለም። መሰላሉ ላይ የቀሚሷ ጫፍ እግሯ ሥር ሲገባ አየሁ። አንድ ጫማዋ ወልቆ ሲወድቅ፣ ከሥር የቆመው ሠራተኛ አንሥቶ ሲወረውርላት አየሁ። ዞር ብላ ከሰዎቹ መካከል ስትፈልገኝ አየሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ሦስት አራት ቀን ቆይቶ የነፍስ አባታችን ለጸበል መጡ። የቤቱን ዝምታ አይተው ጠየቁ፤ እትዬ አልጋነሽ ነገረቻቸው። ረዥም ጊዜ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ምነው ሳትጠይቀኝ?» አሉት። «ለበሽተኛ መድኃኒት ማን ከለከለ? አንድ ቃል ብትነግረኝ በዚያኑ ቀን እፈቅድ ነበር።»

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። በዚያው ዕለት ጉበት መጣ። እየበላሁ አለቀስኩ፤ ግን በላሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ምሽት ጓሮውን፣ አጥሩን፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ዋርካ አየሁ። ደጃፉ ላይ ፊቷን ወደ አዘዞ መልሳ የተቀመጠች ሴት አየሁ። እትዬ አልጋነሽ ናት። ለካ በየምሽቱ እዚያ ትቀመጥ ኖሯል፤ እኔ አላያትም ነበር እንጂ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲያልፍ ከአባቴ ቤት ወጣሁ። አንዲት የልብስ ሰፊ ሚስት ሙያውን አስተማረችኝ፤ ፒያሳ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ በመኪና እየሰፋሁ መኖር ጀመርኩ። ባል ይምጣ ሲባል፣ «እኔው ካላመጣሁት አይመጣም» አልኩ። ሰው ሳቀብኝ፤ ቆየና ለመደው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ «እምቢ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደማይከዳኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ዘውዴን ዳግመኛ ያየኋት አባቴ ሞቶ ለተዝካሩ ስትመጣ ነው። ሁለት ልጅ ይዛለች። ወፍራለች፣ የወርቅ ጥርስ አስገብታለች። ተዝካሩ ሲበተን ቤቴ መጥታ አደረች፤ ልጆቿ ተኝተው እኛ መደቡ ላይ ተቀመጥን።

«ሰውየው እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሰው ነው» አለች። «ከመታኝ በኋላ ይቅርታ ይለኛል።»

ከዚያ የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች።

«ንገሪኝ።»

«ለወይዘሮ ላቀች የነገርኳት እኔ ነኝ። ዳፍንትሽን። አዘዞ ላይ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ።»

ያን ሁሉ ዓመት የጠረጠርኩት ሰው ብዙ ነበር፤ ሰይድን፣ ጋሪ ነጂውን፣ አንዳንዴም እትዬ አልጋነሽን። ዘውዴን ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

«ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ» አለች። «አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር እተኛለሁ ብዬ። ካወቀች ትታሽ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ።»

ዓይኗን ሳየው ያ የአሥራ አራት ዓመት ዓይን ነው።

«ታዲያ ትታኝ ሄደች» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ትታሽ ሄደች።»

በዚያች ሌሊት እንደ ድሮው አጠገቤ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። እንድትቀር ለመንኳት፤ «ልጆቹን አይሰጠኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም።

ይህን የምታነቡ፣ ፍረዱ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። አባቴ በሰው ዘንድ የታመነ ነበር፤ ተዝካሩን የበላ ሁሉ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ሲል አመሰገነው። ወይዘሮ ላቀችም የተላከችበትን ፈጽማ ተመለሰች። ሁሉም ደግ ስም ይዘው ነው የሞቱት። በዚያ ሜዳ ላይ ከፍቅር የተነሣ አንድ ነገር ያደረገች ሰው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የተቀጣችውም እሷ ናት። ቤታችሁ ውስጥ ቃሉ የሚከበርለት ሰው ካለ፣ ያ ቃል በማን ትከሻ ላይ እንደሚቆም አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ዛሬ አርጅቻለሁ። በእጄ ሥራ ቤት ሠርቻለሁ፣ ወድጄ አግብቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌአለሁ። ታሪኩን የሚያውቁ ጎረቤቶቼ፣ «እግዜር ሲያወጣሽ ነው» ይሉኛል። ሰው ሲመርቅ አሜን ማለት ወግ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን አሜን አልልም፤ እኔ በወጣሁበት በር የገባችው ዘውዴ ናት።